ሰገባና ምጕንጳ፤ ስለ ቀስት አዳኞች ዕቃ አገላለጽ የቀረበ ሒስ

ስለ አገራችን የአደን ልማድ በሚጻፉ አጠቃላይ መግለጫዎች ውስጥ አንድ ዐረፍተ ነገር ደጋግሞ ይገኛል፤ ይኸውም አዳኙ ጦርና ጋሻ፣ ቀስትና ፍላጻ ይዞ ይወጣል የሚለው ነው። ዐረፍተ ነገሩ አጭርና ለጆሮ የሚጥም ስለ ሆነ ጸሐፊው ሳይጠራጠር ያልፈዋል፤ አንባቢውም ሳይጠይቅ ይቀበለዋል። ዳሩ ግን ይህ አነጋገር ሁለት ጊዜ ያሳስታል። መጀመሪያ ቀስት የአደን መሣሪያ ባልሆነበት አገር ቀስትን ይተክላል። ሁለተኛም ቀስት በእውነት የአደን መሣሪያ በሆነበት አገር የአዳኙን ዋና ዕውቀት፣ ማለት የትኛውን ፍላጻ ለየትኛው አውሬ እንደሚመርጥና በምን እንደሚይዘው፣ በአንድ ቃል ሸፍኖ ያስቀረዋል።

ለመጀመሪያው ስሕተት መመዘኛ እንዲሆነን ውርጌሳን እንውሰድ። ውርጌሳ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ሐይቅንና ውጫሌን አልፎ መርሳ ሳይደረስ የሚገኝ የሀብሩ ወረዳ ከተማ ነው። በስተ ምዕራቡ ደጋው እንደ ግድግዳ ይቆማል፤ በስተ ምሥራቁ መሬቱ እየዘቀጠ ወደ አፋር ሜዳ ይወርዳል። ማሽላና ጤፍ የሚዘራበት፣ ደገኛና ቆለኛ በገበያ የሚገናኙበት አገር ነው። ቆላው እንዲህ ከቀረበ በዚያ አገር ቀስት ገትሮ የሚያድን ሰው አለ ብሎ መገመት ለሩቅ ጸሐፊ ቀላል ነው። የአገሩን ዕቃ አንድ በአንድ የሚመረምር ግን የሚያገኘው ሌላ ነው።

የውርጌሳ ገበሬ ከሩቅ የሚመታበት መሣሪያ ወንጭፍ ነው። ማሽላው ፍሬ ሲይዝ ጠባቂው፣ ብዙ ጊዜም ልጅ፣ በማማ ላይ ቆሞ ወፉን ያባርራል። የወንጭፉ አንዱ ጫፍ በእጅ ላይ ይጠለቃል፤ ሁለተኛው በጣት ይያዛል፤ ድንጋዩ በመካከል ተቀምጦ ከተሽከረከረ በኋላ በጣት የተያዘው ጫፍ ይለቀቃል። ክብ ያልሆነ ድንጋይ መንገዱን ይስታል፤ የከበደው አይርቅም፤ የቀለለው ነፋስ ይወስደዋል። ስለዚህ ጠባቂው ድንጋይ የሚያከማቸው እንዳገኘ ሳይሆን ለእጁና ለወንጭፉ የሚመጥነውን እየለየ ነው። ይህን ትንሽ ነገር ያነሣሁት ከዚህ በታች ስለ ፍላጻ ምርጫ የምንናገረው ሁሉ በማማው ላይ በቆመው ልጅ እጅ ስለሚጀምር ነው። አዝመራውን የሚገለብጠውን ከርከሮ ለመግደል ደግሞ ጦርና ውሻ ይበቃሉ። በቀረርቶና በፉከራ የሚወደሰውም ጦርና ጎራዴ፣ ኋላም ውጅግራና ምንሽር ነው እንጂ ቀስት አይደለም።

ይህን ስል ውርጌሳ ቀስት ከቶ የለውም ማለቴ አይደለም። አለው፤ ያለው ግን በፈታይ ቤት ነው። ጥጡ ተዳምጦ ፍሬው ከወጣለት በኋላ በደጋን ይነደፋል። ደጋን የተለመጠ እንጨትና በሁለት ጫፉ የተወጠረ ጅማት ነው፤ ጅማቱ በተመታ ቍጥር የተጨበጠው ጥጥ ይፈታል፣ ይነፋል፣ ባዘቶ ሆኖ ለእንዝርት ይዘጋጃል። የቀስት አሠራር ይህ ነው፤ የጐደለው ፍላጻው ብቻ ነው። አዝማሪው ማሲንቆውን የሚመታበት የፈረስ ጭራ የተወጠረበት እንጨትም እንዲሁ ደጋን ይባላል። እንግዲህ በየጁና በአምባሰል ምድር ደጋን ጥጥ ይነድፋል፣ ዜማም ያወጣል፤ አውሬ ግን አይገድልም።

ነደፈ የሚለው ግሥ ራሱ የሚነግረን ነገር አለ። በአማርኛ ንብ ትነድፋለች፣ ጊንጥ ይነድፋል፣ ፈታይም ጥጥ ትነድፋለች። በግዕዝ ግን ነደፈ በፍላጻ መውጋትንም ይጨምራል። በግዕዙ ተዋጊውና ፈታይዋ በአንድ ግሥ ይገኛሉ፤ በዛሬው አማርኛ ተዋጊው ወጥቶ ሄዷል፤ ፈታይዋ ቀርታለች። አንድ ቃል ከጦር ሜዳ ወጥቶ በቤት ውስጥ ሥራ ሲቀር የዕቃውን ዕድል ይመሰክራል ብል ከልክ ያለፍሁ አይመስለኝም፤ ምንም እንኳ በቃል ላይ ብቻ ታሪክ መሥራት አደገኛ መሆኑን ባውቅ።

ታዲያ ያ ዐረፍተ ነገር ከወዴት መጣ? ከመጻሕፍት የመጣ ይመስለኛል። ዳዊት የደገመ ሰው ሁሉ ቀስትንና ፍላጻን ያውቃል፤ በግዕዙ ቀስት፣ ሐፅ፣ ሲበዛም አሕፃ ሲባል ከልጅነቱ ሰምቷል። ኤሳው ለአባቱ አደን ሊያመጣ ሲላክ ማኅደረ ፍላጻውንና ቀስቱን እንዲይዝ መታዘዙን በኦሪት ዘፍጥረት ያነባል። በዐውደ ነገሥት ኮከቡን የሚያስቈጥርም ከዐሥራ ሁለቱ አንዱ ቀውስ መሆኑን ያያል፤ ቀውስ ማለት በዐረብኛ ቀስት ነው። በሰማይ የሚታየውን ባለ ብዙ ቀለም ክብ መጽሐፉ ቀስተ ደመና ይለዋል። ባላገሩ ግን ያንኑ የማርያም መቀነት ይለዋል። ልዩነቱን ልብ ማለት ይገባል፤ ለመጽሐፉ መሣሪያ የሆነው ለባላገሩ ልብስ ነው። የቀስት ምሳሌ በቤቱ የሌለው ሰው የተጠማዘዘውን ነገር ሲያይ ትዝ የሚለው መቀነት ነው።

መጽሐፉም ቢሆን ሁልጊዜ የተሟላ ምስክር አይደለም። በመዝሙር 126፣ በዕብራይስጡ አቈጣጠር በ127፣ ልጆች በኀያል እጅ እንዳሉ ፍላጻዎች ተመስለዋል። ዕብራይስጡ ቀጥሎ የሚያመሰግነው የፍላጻውን ማኅደር በእነርሱ የሞላውን ሰው ነው። የግሪኩ ተርጓሚ ግን በዚያ ስፍራ ማኅደሩን ትቶ ምኞት ብሎ ተረጐመ፤ ከግሪክ የተመለሰው የግዕዙ ዳዊትም ግሪኩን ተከተለ። ስለዚህ የእኛ ደጋሚ በዚህ ስፍራ ፍላጻውን ያገኛል፤ መያዣውን ግን አያገኝም። ጥቃቅን የትርጕም ነገር ነው፤ ነገር ግን የፍላጻ ማኅደር በእኛ አስተሳሰብ ውስጥ ምን ያህል ስስ ቦታ እንደያዘ ያሳያል።

ስለ ቦታ ከተናገርን፣ ቀስት በኢትዮጵያ ምድር እንግዳ አለመሆኑንም መናገር ያስፈልጋል። በምዕራብ አማራ፣ በመተማ አጠገብ በሽንፋ ወንዝ ዳር የተቈፈረውና በ2024 በአውሮጳ አቈጣጠር ውጤቱ የታተመው የጥንት ሰፈር ዕድሜው 74,000 ዓመት ገደማ ነው። በዚያ የተገኙት ትናንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን የድንጋይ ጫፎች ለጦር እጅግ ያነሡ ናቸው፤ መርማሪዎቹም የፍላጻ ጫፍ እንደ ነበሩ አስረድተዋል። ይህ ከሆነ በዓለም ላይ ከሚታወቁት የቀስት ምልክቶች ከጥንታውያኑ አንዱ ከውርጌሳ ብዙ ባልራቀ ክልል ይገኛል ማለት ነው። ልብ እንበል፤ መርማሪዎቹ ቀስቱን አላገኙም፤ እንጨትና ጅማት በስብሰው ይጠፋሉ። የፈረዱት በጫፉ መጠን፣ በቅርጹና በስብራቱ ነው። ይኸውም አዳኙ ራሱ ሲመርጥ ከሚያያቸው ነገሮች ዋናዎቹ ናቸው።

ወደ ተጻፈ ታሪክ ስንመጣ በ16ኛው መቶ ዓመት ማያ የተባሉት ሕዝብ በቀስታቸው የታወቁ ነበሩ። ዐረብ ፈቂህ ስለ ኢማም አሕመድ ዘመቻ ሲጽፍ የተመረዘ ፍላጻቸውን ያነሣል። አባ ባሕርይም በ1593 ገደማ በጻፈው የኦሮሞ ታሪክ የቢርመጄ ሉባ፣ ማለት ከ1578 እስከ 1586 የነበረው፣ የሰው ቁመት የሚያክል የበሬ ቆዳ ጋሻ እንደ ሠራና በዚያው ቀስተኞቹን ማያን ድል እንዳደረገ ይናገራል። ይህ ምስክርነት ከብዙ ነገር ይበልጣል። መርዘኛ ፍላጻ የሚገድለው ደም ሲነካ ነውና፣ ቆዳውን ያላለፈ ፍላጻ ምንም ያህል ቢመረዝ ከእንጨት አይሻልም። ጋሻው ሲሰፋ የቀስተኛው ምርጫ ሁሉ ከንቱ ሆነ። በኋላ ዘመን የየጁ መሳፍንት በጐንደርና በደብረ ታቦር ሲገዙ፣ እስከ 1853ቱ የአይሻል ጦርነት ድረስ፣ ስማቸው የገነነው በፈረሰኛቸው ነበር። ከዚያም በ1889፣ በእኛ በሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ ከውርጌሳ ጥቂት ወደ ደቡብ በውጫሌ የተፈረመው ውል፣ ሁሉ የሚያስታውሰው በ17ኛው አንቀጽ ቢሆንም፣ በምጽዋ በኩል ስለሚያልፍ የጦር መሣሪያም አንቀጽ ነበረው። በዚህ መንገድ ላይ የተጓዘው ጋሻና ጦር፣ ፈረስና ጠመንጃ ነው። ስለዚህ የውርጌሳን አዳኝ በቀስት የሚሥል ጸሐፊ የዳዊትን ቃል በሀብሩ ማሳ ላይ ያነብባል።

ሁለተኛው ስሕተት ከዚህ የሚከፋ ነው፤ የሚነካው ቀስትን በእውነት የያዙትን ሰዎች ስለ ሆነ። በመተከል ጕሙዝ ዘንድ ቀስት የወንድነት ምልክት ነው። በቦረና አገርና ከዚያም አልፎ በኬንያ ዋታ የሚባሉት አዳኞች ዝሆንን ሳይቀር በፍላጻ ይጥሉ ነበር። በሶማሌ ምድርም በቀስትና በመርዘኛ ፍላጻ አደን የታወቁ ወገኖች ነበሩ። እነዚህን ሁሉ በአንድ መስመር ቀስትና ፍላጻ ይይዛሉ ብሎ ማለፍ፣ ስለ ሐኪም ሲጽፉ መድኃኒት ይይዛል ብሎ እንደ ማለፍ ነው።

አዳኙ ፍላጻ ሲመርጥ አስቀድሞ የሚያየው ዘንጉን ነው። ዘንጉ ቀጥ ያለ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ለቀስቱ ኀይል የሚመጥን ግትርነት ሊኖረው ይገባል። ቀስቱ ሲለቀቅ ዘንጉ በቅጽበት ይለመጥና ይቃናል፤ እጅግ ለስላሳ የሆነው አንድ ጐን፣ እጅግ ደረቅ የሆነውም ሌላ ጐን ይስታል። ስለዚህ ለአንዱ አዳኝ መልካም የሆነ ፍላጻ ለጎረቤቱ ቀስት ላይስማማ ይችላል። በመዘክር መስታወት ውስጥ ከአንዱ አገር ቀስት አጠገብ የሌላ አገር ፍላጻ ተጋድሞ ሲታይ፣ ለሚያውቅ ሰው የአንዱን ጠመንጃ ከሌላው ጥይት ጋራ እንደ ማየት ነው።

ከዘንጉ ቀጥሎ ጫፉ ይመረጣል። ያለ መርዝ የሚያድን ሰው ሰፊና ስለታም ብረት ይፈልጋል፤ አውሬው የሚወድቀው በሚፈስሰው ደም ነውና። በመርዝ የሚያድን ግን ሰፊ ቍስል አያስፈልገውም። የሚፈልገው ቆዳውን በስቶ የሚገባ ቀጭን ጫፍና ተመልሶ እንዳይወጣ ወደ ኋላ የዞረ ጥርስ ነው። ትንንሽ ወፍና ጥንቸል ለመምታት ደግሞ ብረት ማባከን ነው፤ የተሳለ ወይም ጫፉ የደነዘዘ እንጨት ይበቃል። የዋታ የዝሆን ፍላጻ በዘንጉና በብረቱ መካከል የሚለያይ አጭር ክፍል አለው፤ ብረቱ ከነመርዙ በአውሬው ሥጋ ሲቀር ዘንጉ ይወድቅና አዳኙ መልሶ ያነሣዋል። ይህን ሳያውቅ የሚገልጽ ሰው፣ የወደቀውን ዘንግ አይቶ ፍላጻው ተሰበረ ብሎ ይጽፋል።

መርዙ የሚወጣው በአማርኛ መረንዝ፣ በኦሮምኛ ቀራሩ ከሚባለው ዛፍ ነው። በሶማልኛ መርዙ ዋባዮ ይባላል፤ ፈረንሳዊው ኬሚስት አርኖ በ1888 ከዛፉ ለይቶ ያወጣውን ንጥረ ነገር ኡዋባይን ብሎ የሠየመው ከዚሁ የሶማሌ ቃል ወስዶ ነው። መርዙ ልብን ያቆማል፤ በሆድ በኩል ግን ወደ ደም እምብዛም አይገባም፤ ስለዚህ አዳኙ የቈሰለውን ስፍራ ቈርጦ ጥሎ የቀረውን ሥጋ ይበላል። ይህንኑ የአዳኞች መርዝ የአውሮጳ ሐኪሞች በ20ኛው መቶ ዓመት በልክ እየመጠኑ ለደከመ ልብ መድኃኒት አድርገውታል። ቀስትን ከጦር በታች፣ ጦርን ከጠመንጃ በታች አድርገው እንደ መሰላል የሚደረድሩ ጸሐፊዎች ይህን ዕውቀት በየትኛው ደረጃ እንደሚያኖሩት ሊነግሩን ይገባ ነበር።

አሁን ወደ ማኅደሩ እንመለስ። አማርኛችን ለዚህ ዕቃ የራሱ ስም ስለሌለው ከሌላ ይዋሳል፤ አንዳንዱ የፍላጻ ሰገባ፣ ሌላው የፍላጻ ኮሮጆ ይላል። ሁለቱም አይስማሙም። ሰገባ የአንድ ስለት ልብስ ነው፤ ጎራዴው ልክ ሆኖ ይገባበታል፤ በውስጡ የሚመረጥ ነገር የለም። ኮሮጆ ደግሞ ሁሉን በአንድነት የሚያጭቁበት ነው። የአዳኙ ማኅደር ግን የተለያዩ ፍላጻዎች በሥርዐት የሚቆሙበት፣ እጅ ሳይታይ ገብቶ የሚፈልገውን የሚያወጣበት ነው። መርዘኛው ከመርዝ አልባው ይለያል፤ በምሥራቅ አፍሪቃ አዳኞች ዘንድ የተቀባው ብረት በስስ ቆዳ ይጠቀለላል፤ መርዙ እንዳይደርቅ፣ ባለቤቱንም እንዳይጭረው። ክዳኑ ከዝናምና ከፀሐይ ይጠብቃል። ፍላጻዎቹ እርስ በርሳቸው ተጋጭተው ቢንኳኩ አውሬው ይሸሻልና፣ ማኅደሩ ከሞላው ይልቅ የተመጠነው ይሻላል። እንግዲህ ማኅደሩን በመግለጽ ረገድ ርዝመቱንና የቆዳውን ዐይነት ጽፎ ማቆም ዋናውን መተው ነው፤ መጠየቅ የሚገባው በውስጡ ስንት ዐይነት ፍላጻ ነበረ፣ የትኛው በየት በኩል ቆሞ ነበር የሚለው ነው።

ግዕዝ ለዚህ ዕቃ ምጕንጳ የሚል ቃል አለው። ጰ የሚለው ፊደል በብዛት የሚገኘው ከውጭ በመጡ ቃላት ስለ ሆነ ስለ ምንጩ የሚመረምር ሰው ሊነሣ ይገባል። የሆነው ሆኖ ለጽሑፍ ሥራ ከሰገባ ይልቅ ምጕንጳን እመርጣለሁ። ነገር ግን ከሁለቱም የሚበልጠው የባለቤቶቹ ስም ነው። በሶማልኛ የፍላጻ ማኅደር ጋቦየ ይባላል፤ ይኸው ቃል ቀስተኞች ለነበሩት ወገኖች መጠሪያ ሆኗል። ሌሎች በንቀት የሚጠሯቸው ስም ነበር፤ ጋቦየ ግን የዕቃቸው ስም ነው። አንድ ሕዝብ በሚይዘው ማኅደር ሲጠራ፣ የዕቃውን ስም በሰገባ ለውጦ የሚያልፍ ጸሐፊ የሚያጠፋው ቃል ብቻ አይደለም።

ጊዜውም አጭር ነው። በ1956 እና በ1957 በኬንያ በጻቮ አደንን ለማስቆም በተደረገው ዘመቻ ብዙ የዋታ አዳኞች ታስረዋል፤ ታላቁ የዝሆን ቀስትም ከዚያ ወዲህ ተዳክሟል። በአገራችንም የዱር እንስሳት አደን በአዋጅ የተገደበ ነው። ሕጉ መልካም ነው፤ ዝሆኑም ሊተርፍ ይገባዋል። ውጤቱ ግን ፍላጻ የመምረጥ ዕውቀት ከእጅ ወጥቶ በሽማግሌዎች ትዝታ ብቻ መቅረቱ ነው፤ ትዝታም ካልተጠየቀ አይናገርም። ከመተከል፣ ከቦረናና ከጅጅጋ የሚመጡ ተማሪዎች በየቋንቋቸው የዘንጉን፣ የጫፉን፣ የላባውን፣ የክዳኑን ስም እየጠየቁ ቢመዘግቡ፣ አንድ ምጕንጳም ባዶ ሳይሆን ከነፍላጻው፣ ፍላጻዎቹም በነበሩበት ሥርዐት እንደ ቆሙ ወደ መዘክር ቢገባ፣ እስካሁን ከተጻፈው ብዙ ገጽ ይበልጣል።

የውርጌሳ ተማሪ ደግሞ የሌለውን ቀስት አይፈልግ። ደጋኑን በጥጥ ሥራ ሥር፣ ወንጭፉንም በአዝመራ ጥበቃ ሥር ይጻፍ፤ ጠባቂው ልጅ ስንት ዐይነት ድንጋይ እንደሚለይና ለእያንዳንዱ ስም እንዳለው እንደ ሌለውም ጠይቆ ይጨምርበት።